ያልተወሰነ ጠባይ

«መዳፍ» አርባ አንደኛ ዓመቱን በያዘበት ክረምት አባላቱ ድምፅ ሰጡና አዲሱን የሰነድ ደንብ ለመቀበል ወሰኑ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሚዛን ላይ የምትሠራው ዘይነባ ይመር «ይሁን» ካሉት አንዷ ነበረች። ድምፁን የሰጠችው በምሳ ሰዓት ነው፤ አንዱ ከባድ መኪና ከሚዛኑ ሲወርድ ሌላው እስኪወጣ ባለችው ክፍተት፣ እንደቆመች።

መዳፍ ሰው ሠራሽ እጅን የሚያንቀሳቅስ ኮድ ነው። ባለቤት የለውም። ፋብሪካዎቹ የሰው እጅ መብላት በጀመሩበት ዘመን ጥቂት የቴክኒክ ተማሪዎች ጀመሩት፤ ከዚያ ያገኘው ሁሉ እየጨመረበት፣ እየጠገነው፣ እየተጨቃጨቀበት እዚህ ደረሰ። የፈለገ ከፍቶ ያነበዋል፤ የቻለ ያርመዋል። ስልሳ ሺህ ያህል ሰው በእሱ ይጨብጣል፣ በእሱ ይጎርሳል፣ በእሱ ልጁን ያቅፋል።

ሰነዱም እንደ ኮዱ ነበር። በአምስት ቋንቋ የተጻፈ፣ ራስና ግርጌው የማይለይ። ስለ አውራ ጣት የሚያስረዳው ገጽ መሐል አንዲት የጅግጅጋ ነርስ ስለ ልጇ የጻፈችው ረጅም ነገር ተቀምጧል። ሌላ ቦታ «ይህን መስመር አትንኩ፤ የነካነው ጊዜ አቶ ሐጎስ ሙሉ ቀን ብርጭቆ ጨብጠው ዋሉ» ይላል። ከሥሩ ሌላ ሰው «ውሸት ነው፣ ግማሽ ቀን ነው» ብሎ መልሷል። ዘይነባ ይህን ሰነድ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቃዋለች፤ ያለ ደመወዝ። የተንጋደደ ዐረፍተ ነገር ታቃናለች፣ የተደጋገመውን ታወጣለች፣ ጠያቂ ሲመጣ መልሱ የት እንዳለ ታመለክታለች።

ዘመኑ ግን ሌላ ነበር። ያልተሰነደ ዕቃ አይሠራም። ጠዋት ምድጃው ከመብራቱ በፊት «ሰነዴ ታድሷል» ይላል፤ ሰው «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ምድጃው ይበራል። ሊፍቱም፣ የቧንቧ ውሃውም፣ የታክሲው በርም እንደዚያው። የሚያነበው ሰው የለም። ሰነዱን ማሽን ይጽፈዋል፣ ማሽን ያነበዋል፤ የሰው ድርሻ መቀበል ነው። ሕፃናት አፋቸውን ሲፈቱ ከ«እማ» ቀጥለው የሚሏት ቃል «ተቀብያለሁ» ሆናለች። አንድ ጊዜ ሐርቡ ለቅሶ ቤት «አላህ ያጽናዎት» የተባሉ ሽማግሌ «ተቀብያለሁ» ብለው መለሱ። ማንም አልሳቀም።

መዳፍ በዚህ ዓለም ውስጥ በአሮጌ ሰነዱ ብዙ ሊዘልቅ አይችልም ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በደንቡ ያልተሰነደ እጅ ጤና ጣቢያ እንደማይጠግነው፣ የአደባባይ ቻርጀርም እንደማይሞላው ተነገረ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ብሩክታይት አሰፋ የምትባል አዳማ የምትኖር መሐንዲስ ነች። ለአባላቱ ነገሩን አላሳመረችላቸውም። ስልሳ ሺህ ሰው አንድ ጠዋት በድን እጅ ይዞ እንዲነሳ ካልፈለግን ሌላ መንገድ የለም አለቻቸው። ጅማ ሆስፒታልም ገና በደንቡ የተሰነደ እጅ የሚጠብቁ ሕፃናት እንዳሉ ነገረቻቸው። ዘይነባ ድምፅ የሰጠችው ይህን ስላመነች ነው። ሐሰት አልነበረበትም።

ደንቡ ቀላል ነው። እጁ የሚያደርገው እያንዳንዱ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል፦ ምን ሲሆን፣ ምን ያደርጋል፣ በስንት ጊዜ። የሰው ስም አይገባም። ያለፈ ነገር አይገባም። «ለምን» አይገባም። «ምናልባት» እና «አንዳንዴ» የተከለከሉ ቃላት ናቸው። በዚህ መልክ ሊነገር ያልቻለ ነገር ያልተወሰነ ጠባይ ይባላል፤ ያልተወሰነ ጠባይ ደግሞ ከኮዱ ይነሳል። ድሮ ሰነድ ኮድን ይከተል ነበር። አሁን ኮዱ ነው ሰነድን የሚከተለው።

አዲሱን ሰነድ ማሽኑ በአንድ ከሰዓት ጽፎ ጨረሰው። የዘይነባ ሥራ አንቀጽ በአንቀጽ እያዩ ማጽደቅ ነበር። መጀመሪያ ደስ አላት። ሁለት ገጽ ይፈጅ የነበረው ነገር በአንድ መስመር አልቋል። ስንት ዓመት ስታቃናው የኖረችው የብርጭቆው ጭቅጭቅ የለም፤ በቦታው «ትእዛዝ ሲቋረጥ ጣቶች ወዲያው ይከፈታሉ» ተብሏል። እውነት ነው፣ ይከፈታሉ። የጅግጅጋዋ ነርስ ነገር ላይ ስትደርስ ትንሽ ዘገየች፤ ነገር ግን ደንቡ ደንብ ነውና አሳለፈችው። ለብሩክታይትም ሥራው ከጠበቀችው በላይ የተዋጣ እንደሆነ ጻፈችላት።

ከዚያ ማመንታት ላይ ደረሰች።

ማመንታት የእጁ ጠባይ ነው። ጣቶቹ ሕይወት ያለው ነገር ሊነኩ ሲሉ፣ ከመንካታቸው በፊት ቅንጣት ታህል ይዘገያሉ። ክንዱን እንደመጠየቅ ነው። ክንዱ ከፈቀደ ይነካሉ፤ ክንዱ ከሻከረ ይመለሳሉ። ይህን ማንም አስቦ አልሠራውም። ተያይተው የማያውቁ ሦስት ሰዎች በተለያየ ጊዜ የጻፏቸው ሦስት ቁራጮች ሲገናኙ እንዲሁ የመጣ ነገር ነው። በአንዱ ሰው እጅ ላይ ይታያል፣ በሌላው አይታይም። ታይቶም ሁልጊዜ አይደለም። አሮጌው ሰነድ ስለሱ ብዙ የተጻፈበት ነበረ፤ አብዛኛው «እኔም ላይ ሆኗል» የሚል። ማሽኑ ከጎኑ «ያልተወሰነ ጠባይ፤ ይነሳ» ብሎበታል።

ዘይነባ ማመንታትን የምታውቀው ከሰነድ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ይማም በልጅነቱ ቀኝ እጁን ክር ፋብሪካ ውስጥ ትቶ ወጥቷል። መዳፍ ውስጥ የገባችውም በሱ የተነሳ ነው። ይማም ከመናኸሪያው ጀርባ ፀጉር ቤት አለው፤ ምላጭ የሚይዘውም በዚያው በቀኙ ነው። አዲስ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተደግፎ የእጁን ብረት ሲያይ ይደርቃል። ምላጩ ጉሮሮው አጠገብ ደርሶ ያችን ታህል ቆም ሲል ግን ትከሻው ይላላል። ይማም ስለዚህ ሲጠየቅ አንድ መልስ ነው ያለው፤ «እጄ ይሉኝታ አለው» ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሄዳ ነገረችው። አንድ ዐረፍተ ነገር እንደሚያስፈልጋት፣ እሱን ካገኘች ማመንታት እንደሚተርፍ፣ ካላገኘች እንደሚነሳ አስረዳችው። ይማም ነገሩ ብዙም አልገባውም፤ ግን እህቱ ከመጣች ይሁን ብሎ ወንበር ሳበላት። እስከ ቀትር ጥጉ ላይ ተቀምጣ እጁን ስታይ ቆየች። በአንድ ሽማግሌ አንገት ላይ ቆመ፤ በተማሪው ላይ አልቆመም። አንድ ጎልማሳ ጉንጭ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ በሦስተኛው ዝም ብሎ አለፈ። የቆዳውን ሙቀት አየች፣ የምላጩን ማዘንበል አየች፣ የወንድሟን ትንፋሽ ሳይቀር አየች። የሚገጥም አልተገኘም።

ደንበኛ ጋብ ሲል ጠየቀችው።

«መቼ ነው የሚቆመው፣ አያ?»

«ሲያመነታ።»

«የሚያመነታውስ መቼ ነው?»

ይማም ምላጩን በፎጣው ጠረገ። «ዘይኑ፣ አንቺ ሰው ፊት ስታፍሪ መቼ እንደምታፍሪ አስቀድመሽ ታውቂያለሽ?»

ዐረፍተ ነገሩን በብዙ መልክ ጻፈችው። ማሽኑ በእያንዳንዱ ላይ «መቼ?» እያለ መለሰላት። ሰኞ ለብሩክታይት ደወለችላት። ብሩክታይት ታግሣ አዳመጠቻት። ማመንታትን ታውቀዋለች፤ የገዛ እናቷ የመዳፍ ተጠቃሚ ናት። አንድ አንቀጽ ውድቅ ከተደረገ ግን ሰነዱ በሙሉ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ እስከ መስከረም አይደርስም።

«እትዬ ዘይነባ፣» አለቻት፣ «መናገር ያቃተን ነገር አለ ብዬ ያን ሁሉ ሰው መያዣ ማድረግ አልችልም። ካስጨነቀሽ እኔ ላጽድቀው። ግን እስከ ዛሬ ሰነዱን የጠበቅሽው አንቺ ነሽ።»

ዘይነባ ለሌላ ሰው አልተወችውም። ራሷ አጸደቀችው።

በማግሥቱ ለይማም ልትነግረው ሄደች። ማሻሻያውን አልቀበልም ማለት መብቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እጁ ያልተሰነደ ይሆናል፣ ያልተሰነደ መሣሪያ የያዘ ፀጉር ቤትም ፈቃድ አይኖረውም። ይህን ሁሉ ስትዘረዝርለት አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ሲጭኑብኝ ያመኛል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቃት። አያምም አለችው። እንግዲያ ምን እንዲህ አከሳሽ ብሎ ሻይ አስመጣላት። ሻይዋን ጠጥታ ወጣች።

ማሻሻያው መስከረም ሲጠባ ገባ። እጁ ፈጠነ፣ አሠራሩም ጠራ። አንድ ጢም ለመላጨት ይፈጅበት የነበረው ጊዜ በግማሽ ቀነሰ፤ ደንበኞች እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ይማም ግን ዝምተኛ ሆነ። ድሮ እየላጨ ያወራ ነበር፤ አሁን ጥርሱን ነክሶ እጁን እጁን ያያል። ቀኝ ትከሻው ይደክመው ጀመር። ዘይነባ አንድ ቀን ሥራ እንዴት ነው ብትለው፣ «ያዘዝኩትን ያደርጋል» አላት፤ «ያላዘዝኩትን አይጠይቀኝም» ብሎ ጨመረና ወሬ ለወጠ።

ጥር ላይ፣ አንድ አርብ ጠዋት፣ አቶ ደርበው መጡ። አቶ ደርበው ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ጢማቸውን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ለይማም እንጂ ለሌላ ሰጥተው አያውቁም፤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ደንበኛ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የዚያን ቀን ጉንፋን ይዟቸዋል። ይማም ግራ ጉንጫቸውን ጨርሶ ወደ መንጋጭላቸው ሥር ሲወርድ ሳላቸው። ይማም አይቶታል፤ ሳሉ ከመምጣቱ በፊት ደረታቸው ሲነሳ አይቷል። ክንዱም ሸሽቷል። እጁ ግን የጀመረውን የምላጭ ስበት በተሰጠው ጊዜ ጨረሰ።

ደሙ ሳሙናውን አልፎ ልብሳቸውን አራሰው። ይማም በግራ እጁ ቁስሉን አፍኖ ሰው ጠራ። አቶ ደርበው ተረፉ። ሳምንት ያህል ሆስፒታል ተኝተው ወጡ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ሆኑ። አልከሰሱም። መክሰስም አላስፈለገም፤ ወንበሩ ራሱ የሆነውን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፏል።

የአገልግሎት ጥራት ጽሕፈት ቤት ይማምን ጠራው። ዘይነባንም ጠራት፤ በእህትነቷ ሳይሆን ሰነዱን በማጽደቋ። መርማሪው ትሁት ሰው ነበር። ተነሥቶ ተቀበላቸው፣ ውሃ አስቀረበላቸው፣ ስለ መንገዱ ጠየቃቸው። ከዚያ አንቀጹን አነበበ፦ ስለት የያዘ እጅ የጀመረውን ስበት በተወሰነለት ጊዜ ይጨርሳል።

«ይህን ያጸደቁት እርስዎ ነዎት?» አላት።

«አዎ።»

«በዕለቱ እጁ ያደረገው ይህንኑ ነው?»

«ይህንኑ ነው። ግን በፊት እኮ...»

መርማሪው አላስቀጠላትም። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያዘነላት ይመስል ነበር። ሰነዱ ውስጥ «በፊት» የሚባል ነገር እንደሌለ፣ አሮጌው ጽሑፍም ከመስከረም ወዲህ ሰነድ እንዳልሆነ በለዘብታ አስረዳት። ዘይነባ የማመንታትን ነገር ከሥር ጀምራ ልትነግረው ሞከረች፤ ሦስቱን ሰዎች፣ ነርሷን፣ «እኔም ላይ ሆኗል» ያሉትን ሁሉ። በመጨረሻ መቼ መቼ ነበር የሚያመነታው ብሎ ጠየቃት። ማሽኑም የጠየቃት ይህንኑ ነበር።

አቶ ደርበው አንገታቸው እንደታሰረ ሳይጠሩ መጥተው ነበር። ተነሡና በዚያች በተረፈቻቸው ድምፅ ጥፋተኛው እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። የሳሉት እሳቸው ናቸው። ልጁ ምን ያድርግ አሉ፤ ልጁ የሚሉት የስልሳ ዓመቱን ይማምን ነው። መርማሪው አመስግኖ አስቀመጣቸው።

«እጁ አልተሳሳተም» አለ ወረቀቱን እየሰበሰበ። «ሰነዱም አልተሳሳተም። እንግዲህ የሚቀረው ሰውየው ነው።»

የይማም ፈቃድ ተነጠቀ። ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጡ ዘይነባ ከኋላው ነበረች። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ይማም የአቶ ደርበውን ክንድ ይዞ ደረጃውን ቀስ አድርጎ አወረዳቸው። የያዛቸው በግራው ነው።

መዳፍ ክፍት ፕሮጀክት ነውና ማንም የገለበጠውን ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ዘይነባ ይህን ታውቃለች። ካለፈው ዓመት የቀረ ቅጂ ፍለጋ የቆዩ አባላትን አንድ በአንድ ጠየቀች። አንዳንዱ ፈርቶ የለኝም አላት፤ አሶሳ ያለ አንድ የድሮ አባል ግን ምንም ሳይጠይቅ ላከላት። እሑድ ጠዋት ይዛ ሄደች። ፀጉር ቤቱ ተዘግቷል፣ መስተዋቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። ይማም ፈቃዱን ለማስመለስ እንደማይረዳ አውቋል፤ ቢሆንም ክንዱን ሰጣት።

ቅጂው ገባ። ሙሉ ነበር፤ ሦስቱም ቁራጮች ቦታቸው ላይ አሉ። ዘይነባ የራሷን ክንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። የይማም ቀኝ እጅ ቀረበ፣ ቆዳዋ ሊነካ ሲል ቆመ። እጁ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ተመለሰ። እንደገና ቀረበ፣ እንደገና ቆመ፣ ተመለሰ። የይማም ግንባር ላይ ላብ ወጣ። በራሱ ጉንጭ ሞከረው፤ ጉንጩ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ቀስ በል አለችው። ቀስ አለ። አትዘዘው፣ ልቀቀው አለችው። ለቀቀው፤ እጁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዘይነባ ያን ጊዜ ገባት። ማመንታት ኮዱ ውስጥ ብቻ አልነበረም። በእጁና በክንዱ መካከል በብዙ ዓመት የበቀለ ነገር ነበር፤ የይማም ክንድ ደግሞ ከመስከረም ወዲህ ማዘዝ ብቻ ለምዷል።

«ይጠይቀኛል» አለ ይማም። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ይጠይቀኛል ዘይኑ። ምን ብዬ እመልስለት እንደነበር ጠፋኝ።»

እጁን ፈታው። በደንበኛ ፎጣ ጠቅልሎ መቀሶቹ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ አስገባው።

ዘይነባ የሆነውን ሁሉ ጽፋ ለፕሮጀክቱ ላከች፤ ያለፈ ነገር የያዘ ነው ተብሎ ተመለሰ። ብሩክታይት ለብቻዋ ደወለችላት። አለቀሰች። ጅማ ያሉት ሕፃናት እጅ ማግኘታቸውን፣ የተጠቃሚው ቁጥርም ከመስከረም ወዲህ እጥፍ መሆኑን የነገረቻት ልታጽናናት ብላ ነው፤ ያም ሐሰት አልነበረበትም። ዘይነባ ለመልቀቅ አስባ ነበር። አልለቀቀችም። የሚቀጥለው ማሻሻያ ሲመጣ አንቀጽ በአንቀጽ እያየች አጸደቀች፤ አንድ ሰው ማጽደቅ ነበረበት።

ይማም ጢሙን ለሌላ ፀጉር ቤት አልሰጥም አለ። ግራው ለምላጭ አይሆንም። ጢሙ እስከ ደረቱ ሊወርድ ሲል ዘይነባ እኔ ልላጭህ አለችው። ሳቀባት፤ በዕድሜዋ ምላጭ ይዛ አታውቅም። ቢሆንም አርብ ከጁምዓ በፊት መስኮቱ ሥር ተቀመጠላትና ሳሙናውን እንዴት እንደምትመታው፣ ቆዳውን ወዴት እንደምትወጥረው ነገራት። ጉንጮቹን እንደምንም ጨረሰች። አገጩን ዞረች። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነላት።

ጉሮሮው ላይ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው?» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እንጃ፣ አያ። ቆመብኝ።»

ይማም ዓይኑን ገልጦ እጇን አየ፤ መልሶ ጨፈነ።

«ይኼን ስትዪ ሌላ ሰው እንዳይሰማሽ» አላት። «ይነሳ ይሉብሻል። በይ ቀጥዪ።»